ከአሰላ መርካቶ፦ የወይንሸትን ሱቅ ከመጋዘኗ ያገናኘሁበት ሳምንት

መርካቶን ረግጣችሁ የማታውቁ የአሰላ ወዳጆቼ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ በየደረስኩበት «ጋሽ ደምሰው፣ እንዴት ነበር?» እያላችሁ ታስቆሙኛላችሁ፤ ማውራት ስጀምር ደግሞ ግማሹን ሳትሰሙ ባጃጅ ይመጣና ትሄዳላችሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ባጃጁ ይለፋችሁና አንብቡት።

ለማያውቀኝ፣ እኔ ራዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። ከራዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ኮምፒውተር፣ ከዚያም ወደ ኔትወርክ ዝርጋታ የተሸጋገርኩት ማንም ሳያስተምረኝ ነው። አሰላ ውስጥ ኮምፒውተሮቹ በኬብል የሚገናኙበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ ወይ እኔ ዘርግቼዋለሁ፣ ወይ እኔ ስዘረጋ ቆሞ ያየ ሰው ዘርግቶታል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። እርግጥ ብኮራበትም አያሳፍርም።

መርካቶ የጠራችኝ ወይንሸት ናት። አባቷ እዚሁ አሰላ ጎረቤቴ ነበሩ። ራሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ መርካቶ ናት፤ ብርድ ልብስና መጋረጃ በጅምላ ትሸጣለች። ሱቋ ምድር ላይ፣ መጋዘኗ አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የሚባል የለም። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ ደረጃውን መውጣት ስላቃታት፣ ከዓመት በላይ የገዛ መጋዘኗን በዓይኗ አላየችም። ደንበኛ መጥቶ «ይሄ ቀለም አለ?» ሲላት ላይ ላለው ሠራተኛዋ ለመኮንን ትደውላለች፤ ስልኩ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ አይይዝም፤ ደንበኛው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።

«አንድ ነጋዴ ሱቁንም መጋዘኑንም ልከራይሽ ብሎኛል» አለችኝ በስልክ። «ሐሙስ መልስ እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ። ጋሼ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ መጋዘኔን ማየት ከቻልኩ አልሰጥም። ካልቻልኩ አስረክቤ ቤቴ እቀመጣለሁ።»

ዋይፋይ አልሞከርሽም ወይ አልኳት። ሞክራለች። አራት ፎቅ ኮንክሪትና እስከ ጣሪያ የተከመረ ብርድ ልብስ አፍኖ አስቀርቶታል። ይህ የኬብል ሥራ ነው፤ ኬብል ደግሞ የእኔ ሥራ ነው።

ቅዳሜ

ከአሰላ የተነሳሁት በማለዳ ነው፤ በአንድ እጄ የመሣሪያ ቦርሳዬን፣ በሌላው አንድ ካርቶን ኬብል ይዤ። ኬብል መርካቶ እንደ ጉድ እንዳለ አውቃለሁ። ግን እኔ ራሴ ዳስሼ ያልመረጥኩትን ኬብል አልዘረጋም። ጭላሎ ጉም ለብሷል፤ አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ጋቢውን እስከ ጆሮው ስቧል። አዳማ ስንደርስ ያው ሰው ሁሉ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አኑሯል። እኔ ኮቴን ሳላወልቅ ጸናሁ። አጠገቤ የነበረች ሴት ግን «አባባ፣ ኧረ ያውልቁት፣ ሊቀልጡ ነው» ብላ ራሷ አወለቀችልኝና እስከ ቃሊቲ ድረስ ይዛልኝ መጣች።

ከቃሊቲ በታክሲ ቀጠልኩ። ረዳቱ ካርቶኑን አይቶ፣ «ፋዘር፣ ይሄኛውም ይከፍላል፤ ወንበር ይዟል» አለኝ።

«እንግዲያው መርካቶ ስንደርስ ራሱ ይውረዳ!» አልኩት።

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ፤ ሒሳቡን ግን አልተወውም።

እኛ አሰላ ገበያ መሐል ቆማችሁ ሰው መጠበቅ ትችላላችሁ። መርካቶ የቆመ ሰው መንገድ የዘጋ ዕቃ ነው፤ ገፍተውት ያልፋሉ። ከታክሲው ስወርድ አንድ ተሸካሚ ካርቶኑን ከእጄ ተቀበለና የት ነው አለኝ። የሕንፃውን ስም ነገርኩት። ስሙን ተናግሬ ሳልጨርስ በሰውና በጋሪ መካከል ሹልክ ብሎ ጠፋ። «ሌባ! ሌባ!» እያልኩ ተከተልኩት። በዚህ ዕድሜዬ እንዲያ መሮጥ እንደምችል ራሴም አላውቅም ነበር። ሽንኩርት የምትሸጥ የአንዲት ሴትዮ ዘንቢል ዘልዬ አልፌያለሁ። ላቤን እየጠረግኩ ከሕንፃው በር ስደርስ ሰውየው ካርቶኔ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

«አባቴ፣ ምን ያስሮጥዎታል? ቀስ ብለው አይመጡም?» አለኝ። ሌባ ስል አልሰማኝም፤ ወይም ሰምቶ ንቆ ተወኝ። እጁን ጨብጬ አመሰገንኩት።

የወይንሸት ሱቅ አንድ ረጅም ኮሪደር ጫፍ ላይ ነው። አንድ እግሯን በብርድ ልብስ እስር ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ይዤ መለስኳት። «ጋሼ፣ ምንም አላረጁም!» አለች፤ ትክክል ናት። ከጎረቤት ምግብ ቤት ክትፎ በቆጮ አስመጣችልኝ። ክትፎውን አመሰገንኩ። ቆጮው ግን ገብስ ለለመደ መንጋጋ ሥራ ነው፤ እያኘክሁ ስለ ሥራው አወራን።

ያደርኩት ጎጃም በረንዳ አጠገብ አንድ አልጋ ቤት ነው። ክፍሌ ወደ መንገድ ይከፈታል፤ ጭነት መኪኖች ጆንያ ሲያራግፉ ሙሉ ሌሊት አልጋው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠዋት የአልጋ ቤቱ ባለቤት ዓይኔን አይታ ምንም ሳልላት ዕቃዬን አንስታ ወደ ጓሮ፣ ልጇ ወደሚተኛበት ክፍል ወሰደችልኝ። ልጇን የት እንዳስተኛችው ብጠይቃትም አልነገረችኝም።

እሑድ

እሑድ መርካቶ ዝግ ነው። ትናንት አንገቴን ደፍቼ፣ ቀና ብዬ ሳላይ ትከሻ ለትከሻ የተጋፋሁበት ኮሪደር ባዶ፣ የሱቆቹ በሮች ሁሉ የተቆለፉ። ደስ አለኝ። ደንበኛ የለ፣ ጋሪ የለ፣ የሚያጨናንቅ የለ፤ ብልህ ሰው መሥራት ያለበት በእንዲህ ያለ ቀን ነው ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ከወይንሸት ሱቅ ተነስቼ በኮሪደሩ ኮርኒስ ሥር እስከ ደረጃው፣ ከደረጃው ጎን ሽቅብ እስከ አራተኛ ፎቅ። ኬብሉን በቀጭን የፕላስቲክ ቦይ አለብሰዋለሁ። ላይ ካሜራና የመስመር ስልክ፣ ታች ኮምፒውተርና ሌላ ስልክ። የመብራት ሽቦ ባለበት በኩል አልሄድም፤ ጎን ለጎን ከሄዱ ኬብሉ ይረበሻል። ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራዲዮ ጩኸት ነው የተማርኩት።

ኮርኒሱ ሥር በየሱቁ ፊት የዛጉ ሜንጦዎች ተደርድረዋል። ለምን እንደሆኑ ጥበቃውን ጠየቅኩት።

«እኔ የማድረው ውጭ ነው፤ ውስጡን አላውቅም» አለኝ።

የድሮ አምፖል መስቀያ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ትራፓኖዬን አነሳሁና ኮርኒሱን መብሳት ጀመርኩ። ማንንም አልጠየቅኩም፤ ኮሪደር የሁሉም ነው፣ ኮርኒስ ደግሞ የማንም አይደለም ብዬ። እኛ አሰላ እንደዚያ ነው።

መኮንን ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥቶ ሱቁንም መጋዘኑንም ከፈተልኝ፤ መሰላሉንም ያዘልኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስኩ። ሞካሪ መሣሪያዬን ስሰካ መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆኑ። ቦዩ ከጫፍ ጫፍ እንደ ገመድ የተወጠረ፣ አንድ ቦታ እንኳ ያልጎበጠ። ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። ዞር ብዬ ደግሜ አየሁት።

ሰኞ

ወይንሸት ጠዋት ሱቋን እንደከፈተች ስክሪኑን አበራሁላት። መጋዘኗ ታየ። ስልኩን አንስታ የመጀመሪያ ትእዛዟን ሰጠች፤ «መኮንን፣ ያንን መስኮት ክፈተው። ብርድ ልብስ አየር ይፈልጋል።» መኮንን ደንግጦ ወደ ጣሪያው አየ። ሳቀች። ስትስቅ አባቷን ትመስላለች።

ጥቂት ቆይቶ ከሦስተኛው ሱቅ አስናቀች መጣች። የሕፃናት ቀሚስ ትሸጣለች፤ ምላሷ የሾለ፣ ሳቋ ኮሪደሩን የሚሞላ ሴት ናት። «እትዬ ወይንሸት፣ እግዜር ይስጥሽ! ሳትነግሪን ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ያሠራሽልን?» ብላ ጉንጯን ሳመቻት። ምኑን እንደሠራሁላት አልገባኝም። የኔትወርክን ጥቅም የምታውቅ ሴት አገኘሁ ብዬ ተደሰትኩ።

ወደ እኩለ ቀን ስክሪኑ ጠፋ። ስልኩም ሞተ። ወጥቼ ወደ ኮሪደሩ ስገባ የእሑዱን ኮሪደር አጣሁት። ኮርኒሱ አይታይም። ቀሚስ፣ ሻንጣ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ጃንጥላ፣ ሁሉ ከላይ ተንጠልጥሏል፤ ጎንበስ ብዬ ነው የማልፈው። ሜንጦዎቹ ለዚህ ኖሯል! የእኔ ቦይ ላይም ከዳር እስከ ዳር መንጠቆ ተደርድሯል፤ ስክሪኑን ያጠፋው ይህ ሁሉ ክብደት ኬብሉን ስቦት ነው። አስናቀች ጫፉ በተቆለመመ ረጅም እንጨት አንድ ቀሚስ ስታክልበት ዓይኔ እያየ፣ ቦዩ ከሐጂ ኑረዲን ሱቅ ፊት ተነቅሎ ከነሻንጣው ሐጂ ትከሻ ላይ ወረደ። ኬብሉ ከሁለት ተበጥሷል።

«ምን ነካችሁ! ይሄ የልብስ መስቀያ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ ምንድን ነው?» አለች አስናቀች። «አዲስ መስቀያ መስሎኝ ስመርቅዎት ነው የዋልኩት!»

ሐጂ ኑረዲን ሻንጣ ነጋዴ ናቸው፤ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ያንሳሉ፣ ግን ሰፊ ሰው ናቸው። ትከሻቸውን እያሹ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ጋሼ፣ ዕቃ ሲወድቅብኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። ግን ሱቄ ፊት ሲበሱ ማንን ጠየቁ?»

«ኮርኒሱ የሕንፃው ነው።»

«ኮርኒሱ የሕንፃው ነው። ከኮርኒሱ ሥር ያለው አየር ግን የእኔ ነው። እኔ የምሸጠው እዚያ ላይ ሰቅዬ ነው፤ መርካቶ ያልታየ ዕቃ አይሸጥም።»

አሰላ ውስጥ አየር ባለቤት ሲኖረው አላየሁም። የተበጠሰውን ኬብል ጠቅልዬ ያዝኩ።

ወደ ሱቁ ስመለስ ወይንሸት ጥቁሩን ስክሪን ታያለች። «ተዉት ጋሼ» አለችኝ። «ከጎረቤት ተጣልቼ ኬብል አልፈልግም። ሐሙስ ሰውየው ሲመጣ እሰጠዋለሁ።» ድምፅዋ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ራቴን ሳልነካ መለስኩት።

ማክሰኞ

በጠዋት ሐጂ ኑረዲን አስጠሩኝ። ሻይ በዝንጅብል አዘዙልኝ፤ ሱቃቸው በር ላይ ካሉት ሻንጣዎች አንዱን እንደ በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ።

«ወይንሸት ልትለቅ ነው አሉ።»

«በእናንተ መንጠቆ ምክንያት» አልኳቸው።

«በእርስዎ ፕላስቲክ ምክንያት» አሉኝ። ተያየን፤ ሁለታችንም ሳቅን። «እሷ ከለቀቀች የሚመጣው ሰው እነማንን እንደሚያመጣ አናውቅም። እኔ ሐጅ ስሄድ ሱቄን የጠበቀችው እሷ ናት። ይስሙኝ፤ እነዚያ ሜንጦዎች አርጅተዋል፣ ዕቃ አይችሉም። አስናቀች እርስዎ የሠሩት ላይ የሰቀለችው መስቀያ ስለቸገራት ነው። የእርስዎ ኬብል መንገድ ይፈልጋል፤ የእኛ ዕቃ መስቀያ ይፈልጋል። በብረት ቢሠሩትስ?»

ልክ በዚያች ደቂቃ የብረት ቱቦ እኔም እያሰብኩ ነበር። አፍ አውጥተው የተናገሩት እሳቸው ስለቀደሙኝ ሐሳቡን ለእሳቸው ትቼላቸዋለሁ። በውስጡ ኬብል የሚያልፍበት፣ በላዩ ዕቃ የሚሰቀልበት ወፍራም የውሃ ቱቦ። ኬብሉን ከዕቃቸው ስለማሸሽ ብቻ ሳስብ ያልታየኝ ነገር አሁን ታየኝ፦ ዕቃቸው የተሰቀለበትን ቱቦ እነሱ ራሳቸው ይጠብቁታል።

መጀመሪያ ግን ከሐጂ ጋር ሆነን በየሱቁ በር እየቆምን ጠየቅን። አንዱ ቱቦው ከበሩ አናት ዝቅ እንዳይል አለ። ሌላው ቀለም ካልተቀባ አልፈልግም አለ። አስናቀች እንጨቷን ዘርግታ ቁመቱን ራሷ ለካች፤ «ከዚህ ከፍ ካለ፣ ጋሼ፣ እርስዎ እየመጡ ይሰቅሉልኛል» አለችኝ። «ደመወዙን ከተስማማን» አልኳት።

ከሰዓት ምናለሽ ተራ ወርደን ያገለገለ ቱቦ መረጥን። መርካቶ ውስጥ ሌላው ቦታ የተጣለ ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ እንደ አዲስ ይሸጣል። እያንዳንዱን ቱቦ በአንድ ዓይኔ ወደ ፀሐይ አድርጌ ውስጡን አየሁ፤ ዝገት ያለበትን መለስኩ። ሻጩ «አባት፣ ቱቦ ነው የሚገዙት መነጽር?» አለኝ። በያጁ ጋ ወስደን ከግድግዳ የሚይዙትን ክንዶች አስበየድን። የተቆረጡትን ጫፎች በሞረድ እኔው ራሴ አለሰለስኳቸው፤ ሻካራ ጫፍ የኬብልን ቆዳ ይልጣል።

ረቡዕ

ሱቆች ሳይከፈቱ ተሰበሰብን። ሁሉም መጥቷል፤ ከሐጂ ሱቅ ማዶ ያለው ጃንጥላ ሻጭ እንኳ ፒጃማውን ከሱሪው ሥር እንደለበሰ ነበር። ትራፓኖዬን ስሰካ መብራት ጠፋ።

«ይኸው! ጋሼ ሲነኩት ሁሉ ነገር ይጠፋል» አለች አስናቀች።

ሐጂ ከኋላ ካለው ሕንፃ ጄነሬተር አስመጡ። በሳንና አሰርን። ወይንሸት ከሱቋ በር ወንበሯን አስወጥታ ተቀምጣ «ወደ ግራ፣ ጎብጧል» እያለች ታዛለች፤ አልጎበጠም ነበር፤ ግን ወደ ግራ አደረግኩላት። ኬብሉን በቱቦው ውስጥ የሳብነው በመጋረጃ ክር ነው፤ ወይንሸት ከሱቋ ቆርጣ ሰጠችን፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ብሎን አሰርኩበትና ተንሸራቶ ወጣ። ይህን ዘዴ የትም አላነበብኩትም።

ቱቦው ቆመ። ማንም ልብሱን ሊሰቅልበት አልደፈረም። ሐጂ ኑረዲን ኮታቸውን አወለቁ፣ ቢስሚላሂ ብለው ቱቦውን በሁለት እጃቸው ጨበጡና እግራቸውን ከመሬት አነሱ። ያ ሁሉ ሰውነት ተንጠለጠለ። ቱቦው ንቅንቅ አላለም። ኮሪደሩ በጭብጨባ ተሞላ። «እሳቸውን ከቻለ ቀሚሴን ይችላል!» ብላ አስናቀች መስቀል ጀመረች።

መብራቱ ሲመለስ ስክሪኑም በራ። ምሳ አስናቀች በየዓይነቱ አምጥታ አንድ ትሪ ዙሪያ በላን። ሐጂም «ዛሬ እኔም ጾመኛ ነኝ» ብለው ከምስሩ ጀመሩ። በአሰላ የታወቅኩት በሥራዬ ነው፤ በሰው ፊት እንዲህ ጎርሼ ግን አላውቅም። አስናቀች በየደቂቃው ታጎርሰኝ ነበር፤ ይቅርታ መሆኑ ይመስለኛል።

ሐሙስ

ሊከራይ የመጣው ሰው ጨዋ ነው፤ ጥሩ ኮት ለብሷል፣ ወይንሸትን «እትዬ» እያለ ይጠራታል። ገና ከመቀመጡ ከሻሸመኔ የመጣች ደንበኛ ገባች። ግራጫ፣ ጠርዙ ጥቁር የሆነ ብርድ ልብስ በብዛት ፈለገች።

ወይንሸት ስልኩን አነሳች። «መኮንን፣ ግራጫ ባለ ጥቁር ጠርዝ አለን?»

«አልቋል፣ እትዬ።»

ወይንሸት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «ከጀርባህ ያለው ክምር ምንድን ነው? ኧረ ከጀርባህ! ከላይ ያሉትን ቡናማዎቹን አንሳቸው።»

መኮንን አነሳቸው። ግራጫው ከሥር ወጣ፤ ሲሄድ እስከ ግድግዳው ድረስ። ዓመቱን ሙሉ አልቋል ሲባል የነበረ ዕቃ እዚያው ተኝቷል። ወይንሸት በእጇ አፏን ያዘች።

ደንበኛዋ ተስማምታ ስትወጣ ሰውየው ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን አልነቀለም ነበር። «እንግዲህ እትዬ፣ ስለ ሱቁ…» ብሎ ጀመረ።

«ሻይህን ጠጣ ልጄ» አለችው። «ሻይ እጋብዝሃለሁ። ሱቁን ግን አልሰጥህም፤ እየሠራሁበት ነው።»

ዓርብ

ወደ አሰላ ስሳፈር የያዝኩት ዕቃ ስመጣ ከያዝኩት ይከብድ ነበር፤ ሐጂ ሻንጣ፣ አስናቀች ለልጅ ልጄ ቀሚስ፣ ወይንሸት ብርድ ልብስ አሸክመውኛል። አዳማን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ ተቀበለኝ፤ ብርድ ልብሱን አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረግኩት። ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ» አለች ወይንሸት። «አንድ ካሜራ አይበቃም። መኮንን ምሳውን ይዞ ካሜራው ወደማያይበት ጥግ ገብቶብኛል።»

«ሰውየው ምሳውን ይብላበት እንጂ!» አልኳት።

ከኋላዋ የአስናቀች ሳቅና የኮሪደሩ ጫጫታ ይሰማኛል።

«እሺ፣ ምሳውን ይብላ» አለች። «ግን ለሚቀጥለው ክረምት ብዙ ብርድ ልብስ ላስመጣ ነው፤ ያ ጥግ ራሱ ያስፈልገኛል። ደርሰው እንዲያዩልኝ ነው የደወልኩት።»